አሰንዳቦና የቡናው አገር፤ ለነዋሪው የሚሰጠውና ከነዋሪው የሚጠይቀው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚጓዝ መንገደኛ ወልቂጤን አልፎ፣ የግቤን ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ሶኮሩ ሲደርስ «እነሆ ከቡና አገር ገባሁ» ማለቱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ከሶኮሩ ጀምሮ አሰንዳቦ እስኪደርስ ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ በብዛት የሚያየው ቡና ሳይሆን በቆሎ፣ ጤፍ፣ ማሽላና የከብት መንጋ ነው። አሰንዳቦ ከጅማ ከተማ በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በኦሞ ናዳ ወረዳ የምትገኝ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። በወረዳው ደጋማ ቦታዎች ቡና ባይጠፋም፣ ስሙ በዓለም ገበያ የሚጠራው ቡና የሚበዛው ከእርስዋ ማዶ፣ በማና፣ በጎማ፣ በጌራና በሊሙ ነው።

ስለዚህ አሰንዳቦ የቡናው አገር ደጃፍ ናት ቢባል የተገባ ነው። ደጃፍ ደግሞ የቤቱን ጠባይ ይናገራል። የጅማን አገር ከሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ለይቶ ለኑሮ የሚያስመርጠው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻ ነጋዴ፣ ከቡናው ጫካ መካከል ከመቆም ይልቅ እህሉና ቡናው በሚገናኙበት በዚህ ሥፍራ ቢቆም የተሻለ ያያል። ሱቅ ለመክፈት፣ መጋዘን ለመሥራት ወይም ልጅን ልኮ ቅርንጫፍ ለማቋቋም የሚያስብ ሰው «ቡናው ስንት ይሸጣል» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ ከጥያቄው ግማሹን ይረሳል። ቀሪው ግማሽ «ቡናው ባይሸጥስ ሰዉ በምን ይኖራል» የሚለው ነው።

ኦክላሆማና ጅማ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ሰው ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ቤቱን ከማዛወሩ በፊት ግብሩን፣ የአየሩን ጠባይ፣ የትምህርት ቤቱን ደረጃና የቤት ኪራዩን ማነጻጸር የቆየ ልማዱ ነው። ሃምሳዎቹ ግዛቶችም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ነገር ይታወቃሉ። ከእነዚህ መካከል ለጅማ ሰው ስሟ እንግዳ የማይሆን አንዲት ግዛት አለች፤ እርስዋም ኦክላሆማ ናት።

ኦክላሆማ እ.ኤ.አ. በ1907 46ኛዋ ግዛት ሆና ከአሜሪካ መንግሥታት ኅብረት የገባች የስንዴ፣ የከብትና የነዳጅ ዘይት አገር ናት። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስንዴ ዋጋ በመወደዱ በዚያ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች የግጦሹን ሜዳ ሣይቀር አርሰው ስንዴ ዘሩበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የስንዴው ዋጋ ወደቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹም ብርቱ ድርቅ መጣ፤ ሣሩ ተነቅሎ ባዶውን የቀረው አፈርም በነፋስ ተጠርጎ ሰማዩን አጨለመው። ብዙ ቤተ ሰብም ዕቃውን በአውቶሞቢል ላይ ጭኖ ወደ ካሊፎርኒያ ተሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1930ና በ1940 በተደረጉት ቈጠራዎች መካከል የግዛቲቱ ሕዝብ በቁጥር ቀንሶ ተገኘ። ከዚያ መከራ በኋላ ስለ አፈር ጥበቃና ሰብልን ስለ ማፈራረቅ ማስተማር ለእርሻ ኮሌጆች ትልቅ ሥራ ሆነ።

በዚያች ግዛት በስቲልዎተር ከተማ ያለው የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቆሙት «ፖይንት ፎር» የተባለው የእርዳታ ድርጅት ኃላፊ ሆነው ሳለ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1951 በኢራን በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። በተከታዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1952፣ ኮሌጁ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በተስማማው መሠረት መምህራኑን ልኮ የጅማ እርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሰኔ 1946 ዓ.ም. አሜሪካን በጐበኙ ጊዜ ስቲልዎተር ድረስ ሄደው ኮሌጁን ተመልክተዋል። ያ ትምህርት ቤት ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆኗል።

ይህን ታሪክ ማንሣት የሚጠቅመው ለወዳጅነቱ መታሰቢያ ብቻ አይደለም። የኦክላሆማ መከራ ለማንኛውም የአንድ ሰብል አገር የሚሆን ትምህርት አለው። አገር ለመኖሪያ የሚመረጠው ሀብቱ ስለ በዛ ብቻ ሳይሆን፣ አንደኛው ሀብት ሲጐድል ሌላው የሚተካው ስለ ሆነ ነው። ጅማ በዚህ ሚዛን ብትመዘን የምትታየው እንደሚከተለው ነው።

ሁለት ጐተራ ያለው አገር

የጅማ ከተማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየሩ ወይና ደጋ ነው። በዓመት የሚወርደው ዝናብ 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በብዙው የአገራችን ክፍል እንደሚታየው በሁለት ወር ወርዶ የሚያበቃ ሳይሆን ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ድረስ የሚዘልቅ ነው። መሬቱ የአረቢካ ቡና ከተገኘበት ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ቡናው በባዕድ አገር እንደ ተተከለ እንግዳ ሳይሆን እንደ አገሩ ተወላጅ ሆኖ በሰሳ፣ በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ይበቅላል።

የቡናው አበባ በየካቲትና በመጋቢት በሚወርደው የመጀመሪያ ዝናብ ይፈነዳል፤ ቀይ እሸቱም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል። ታጥቦ የሚዘጋጀው በዓለም ገበያ «ሊሙ» በሚል ስም፣ ከነገለባው በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል ከሆነ በኋላ የሚፈለፈለው ደግሞ «ጅማ» በሚል ስም ይታወቃል። ከአንድ አገር የሚወጣ ቡና በሁለት ስምና በሁለት ዋጋ መሸጡ ለላኪው የተለመደ ነገር ቢሆንም፣ ለነዋሪው ትርጉሙ ትልቅ ነው። ቀይ እሸቱን በዕለቱ ለማጠቢያ ጣቢያ የሚያስረክብ ገበሬ ገንዘቡን ቶሎ ያገኛል፤ በአልጋ ላይ አድርቆ የሚያኖር ደግሞ ቡናውን እንደ ባንክ ገንዘብ አድርጎ ችግር በገጠመው ቀን ጥቂት ጥቂት ፈረሱላ እያወጣ ይሸጣል።

ይህ አንደኛው ጐተራ ነው። ሁለተኛው ጐተራ በአሰንዳቦ በኩል ያለው የእህል ሜዳ ነው። በቡናው ወረዳ ያለ ገበሬ መሬቱን በቡናና በጥላ ዛፍ ስለ ሸፈነ የሚበላውን እህል ሁሉ ሊያመርት አይችልም፤ ስለዚህ በቆሎና ጤፍ ገዝቶ ይበላል። በእህሉ ወረዳ ያለ ገበሬ ደግሞ ልብስና ቆርቆሮ፣ የትምህርት ቤት ወጪና መድኃኒት የሚገዛበት ጥሬ ገንዘብ ያሻዋል፤ ያንንም ገንዘብ የሚያገኘው እህሉን ለቡናው አገር በመሸጥ ነው። በዚህ መካከል ማሩ፣ ቅቤው፣ ኮረሪማው፣ ጫቱ፣ አቮካዶውና ማንጎው፣ በደጋውም እንሰቱ አለ። ከዋንዛና ከመሰሉት እንጨቶች የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማም ከአገሩ ወጥቶ በአዲስ አበባ ሳሎኖች ይታያል።

እንግዲህ ቡናው ዋጋው ሲወድቅ እህሉ ሆድ ይሞላል፤ እህሉ በዝናብ መዛባት ሲጐዳ ቡናው ከሩቅ አገር እህል ያስገዛል። ሁለቱ በአንድ ዓመት አብረው የሚጐድሉበት ጊዜ ቢኖርም ጥቂት ነው። የጅማን አገር ከሌሎች የቡና አገሮችም ሆነ ከሌሎች የእህል አገሮች ለይቶ ለኑሮ የሚያስመርጠው ዋናው ነገር ይህ ነው።

የሒርማታ ገበያ

ይህ የሁለት ጐተራ ኑሮ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1830 ገደማ ጀምሮ የጅማን መንግሥት ያቆሙት የቀዳማዊ አባ ጅፋርና የወራሾቻቸው ቤተ መንግሥት በጅሬን ኰረብታ ላይ ሲሆን፣ ከኰረብታው ግርጌ የሒርማታ ገበያ ይቆም ነበር። የሐሙሱ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ካሉት ሁሉ የሚልቅ ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት የጐበኙት አውሮፓውያን ገበያተኛው እስከ 30,000 እንደሚደርስ ጽፈዋል። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ማርና እህል ይሸጥበት ነበር፤ በዚያ ዘመን ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት እንደ ነበር አለመሸሸግ ይገባል።

ነገሥታቱ ነጋዴን ማቅረብ ለመንግሥታቸው እንደሚበጅ ስላወቁ፣ ከሩቅ የመጡት ነጋዴዎች «መንደራ» በተባለው ሰፈር እንዲቀመጡ አድርገዋል። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በገዙበት ዘመን ለዳግማዊ ምኒልክ በሰላም ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ስለ ኖሩ፣ በአካባቢው ሌሎች መንግሥታት በጦርነት ሲጐዱ የጅማ ገበያ ሳይፈርስ ቆይቷል። በጣሊያን ወረራ ጊዜም ጅማ የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ ሆና የሕንፃና የመንገድ ሥራ ተሠራባት። ሒርማታና መንደራ እስከ ዛሬ የጅማ ከተማ ሰፈሮች ስም ሆነው ይጠራሉ።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬው ነጋዴ የሚተርፈው ቁም ነገር፣ አገሩ ለእንግዳ ሰው የቆየ ቦታ ያለው መሆኑ ነው። በጅማና በአካባቢዋ ኦሮሞው፣ የሙ፣ ከፋው፣ ዳውሮው፣ ጉራጌውና አማራው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ሱቅ የሚከፍት ሰው ግን ኦሮምኛ ሳይማር ደንበኛ እይዛለሁ ብሎ ተስፋ ማድረግ የለበትም፤ ሂሳቡን በአማርኛ ቢጽፈውም ሰላምታውን በኦሮምኛ መጀመር ለንግዱ ትልቅ ካፒታል ይሆነዋል።

የዱቤው ዓመት

በዚህ አገር ገንዘብ በዓመት ውስጥ እንደ ወር ደመወዝ እኩል ተከፋፍሎ አይመጣም። ከኅዳር እስከ ጥር ይጐርፋል፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ይሳሳል፤ በሐምሌና በነሐሴ እንደ ክረምት ፀሐይ ብቅ ጥልቅ ይላል። ስለዚህ በአሰንዳቦም ሆነ በአጋሮ ያለ ባለ ሱቅ ዋና መሣሪያው ሚዛኑ ብቻ ሳይሆን የዱቤ ደብተሩም ነው።

የባለ ሱቁ ዓመት የሚከተለውን ይመስላል። በመስከረም ደብተርና እርሳስ፣ የልጆች ልብስና ጫማ ይፈለጋል። በጥቅምት ጆንያ፣ ሸራና የቡና መልቀሚያ ቅርጫት ይሸጣል፤ ለቀማ ፈልገው ከጐረቤት አውራጃዎች የሚመጡ የቀን ሠራተኞችም ዳቦ፣ ሻይና ስኳር ይገዛሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ብርድ ልብስ፣ ራዲዮና የእጅ ስልክ የሚሸጥበት፣ ሠርግ የሚደገስበት፣ አሮጌው ዕዳ የሚከፈልበት ወራት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ዶማ፣ ማረሻና ዘር በአብዛኛው በዱቤ ይወጣል። በክረምት ጨው፣ ሳሙና፣ የምግብ ዘይትና መድኃኒት በጥቂት በጥቂቱ፣ ይህም በዱቤ ይወጣል። በነሐሴ መጨረሻ የበቆሎው እሸት ሲደርስ ሰዉ ትንፋሽ ያገኛል።

ይህን የዓመት ዑደት የማያውቅ እንግዳ ነጋዴ የሚወድቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በጥር ወር የሸማቹን ብዛት አይቶ ገንዘቡን ሁሉ በቆርቆሮ ላይ አውሎ በሰኔ ቆርቆሮውን እያየ መራብ ነው። ሁለተኛው ዱቤውን ለቡና ገበሬ ብቻ መስጠት ነው።

ለምሳሌ ያህል 100,000 ብር ያህል በዱቤ የሰጠ ባለ ሱቅ ይታሰብ። ዱቤው በሙሉ በቡና ገበሬዎች እጅ ቢሆንና የቡናው ዋጋ በግማሽ ቢወድቅ፣ ገበሬው ሊከፍል ቢወድም ስለማይችል ባለ ሱቁ በጥር የሚሰበስበው ምናልባት 50,000 ብር ነው፤ በዚያም ገንዘብ የአዲስ አበባ ጅምላ ነጋዴውን ዕዳ መክፈል ያዳግተዋል። ዱቤው ግማሹ በእህል ገበሬዎች እጅ ቢሆን ግን ከቡናው በኩል 25,000፣ ከእህሉ በኩል 50,000 ብር፣ በድምሩ 75,000 ብር ሰብስቦ ሱቁን ሳይዘጋ ያድራል። አሰንዳቦን የመሰለች በሁለቱ መካከል ያለች ከተማ ለባለ ሱቅ የምትሰጠው ጥቅም በዚህ ምሳሌ ይገለጣል። አንድ ደብተር ሁለት ዐይነት ደንበኛ ሊይዝላት ትችላለች።

ዋጋው ከሩቅ የሚወሰን ሰብል

የቡና ዋጋ የሚወድቀውና የሚነሣው በጅማ ሰው ፈቃድ አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በብራዚል የወረደ ውርጭ የዚያን አገር ቡና ስላቃጠለው በተከታዮቹ ዓመታት ዋጋው በዓለም ሁሉ ናረ። በ1981 ዓ.ም. መጨረሻ አምራቾችና ገዢዎች የቡናን አቅርቦት በኮታ የሚወስኑበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥራውን በማቆሙ ዋጋው ተንኮታኮተ። እ.ኤ.አ. በ2001ና በ2002 የዓለም የቡና ድርጅት የሚያወጣው አማካይ ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር፤ በዚያ ወራት በአንዳንድ የኢትዮጵያ የቡና አካባቢዎች ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት ተከለ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ዮርክ የወደፊት ግዢ ገበያ የአረቢካ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው ይህን ሁሉ ያያል።

የቡናው ጠላት ዋጋ ብቻም አይደለም። በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ታይቶ በደቡብ ምዕራብ ያለውን ምርት እጅግ ጐድቶ ነበር። በጅማ አጠገብ በመልኮ በ1960 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ከአገሩ ቡና መካከል በሽታውን የሚችሉትን መርጦ ለገበሬው በማደል ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። መድኃኒቱ ከውጭ አገር ሳይሆን ከዚያው ደን መገኘቱ፣ ደኑን መጠበቅ የቡና ነጋዴም ጉዳይ እንደ ሆነ ያስረዳል።

የግብይቱም ሥርዓት በየጊዜው ተለዋውጧል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኛው ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እንዲሸጥ ተደርጎ በጅማም የመረከቢያ መጋዘን ተቋቋመ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አቅራቢው ለላኪው በቀጥታ የሚሸጥበት በር ተከፍቷል። በአጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር እሸቱን በጥንቃቄ ለቅሞና አጥቦ እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የቡናዎች ውድድር አንደኛ መውጣቱ፣ የጅማ ቡና ተራ ቡና ነው የሚለው የቆየ አስተያየት የአያያዝ እንጂ የመሬቱ ጉድለት እንዳልነበረ አረጋግጧል። የዓለምን ዋጋ መወሰን የማይችል ገበሬ የራሱን ቡና ደረጃ ግን መወሰን ይችላል፤ ነጋዴም ይህን ሲረዳው ዋጋው በወደቀ ዓመት እንኳ የሚሸጠው አያጣም።

ውኃው፣ ወባውና ትምህርቱ

ከአሰንዳቦ አጠገብ ያለው የግልገል ግቤ ግድብ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ኃይሉም 184 ሜጋ ዋት ነው። ከግድቡ የሚወጣው ውኃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተጉዞ በጥር 2002 ዓ.ም. የተመረቀውንና 420 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን ሁለተኛውን የግቤ ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ለዚህ ሲባል በሸለቆው የነበረው የእርሻና የግጦሽ መሬት በውኃ ተውጦ፣ በላዩ የነበሩት ሰዎች ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውረዋል። አገሩ በአንድ እጁ መብራት ሲሰጥ በሌላው እጁ መሬት ከፍሏል ማለት ነው።

የውኃው መጠራቀም ሌላም ነገር ያስከትላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ባደረጉት ጥናት ለግድቡ ውኃ ቅርብ በሆኑት መንደሮች ያሉ ሕፃናት ርቀው ካሉት ይልቅ በወባ የሚያዙ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የሚሰፍር ቤተ ሰብ አጐበር ከመኝታው ጋር አብሮ መግዛት አለበት፤ ባለ ሱቁም ከዝናቡ ማብቂያ አስቀድሞ የሚያስመጣው ዕቃ ይኸው ነው።

ለዚህ ችግር መልስ የሚፈልገው ዩኒቨርሲቲ በራሱ አገሩን ለመኖሪያ ከሚያስመርጡት ነገሮች አንዱ ሆኗል። የእርሻ ኮሌጁና የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋም በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ትምህርቱ ከክፍል ወጥቶ ከሕዝብ መካከል እንዲሰጥ በተወሰነው መሠረት፣ የጤና ተማሪዎች በአሰንዳቦ፣ በሰርቦ፣ በአጋሮና በመሳሰሉት ከተሞች ጤና ጣቢያዎች ተመድበው ይሠራሉ። በግድቡ ዙሪያ ያሉትን መንደሮች ልደትና ሞት፣ በሽታና ፍልሰት የሚመዘግብ የመስክ ምርምር ማዕከልም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ይሠራል። በገጠር ከተማ ያለ ሰው ሕመሙን የሚጠይቅለትና የሚጽፍለት ማግኘቱ ቀላል ጥቅም አይደለም። ቤት የሚያከራይ፣ ምግብ ቤት የሚከፍትና ወረቀት የሚሸጥም የተማሪውና የመምህሩ ወጪ በቡናው ወራት ብቻ የተወሰነ ስላልሆነ ከዚህ ይጠቀማል፤ በዚህ አነጋገር ዩኒቨርሲቲው ሦስተኛው ጐተራ ነው።

ጉርብትና

የሰው ኑሮ በዝናብና በገበያ ብቻ አይለካም። በዚህ አገር ቡና የሚሸጥ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የጉርብትና ማሰሪያም ነው። ቡና በቅቤ ተቆልቶ ለእንግዳና ለበዓል የሚቀርብበት የኦሮሞ ባህል አለ፤ በማለዳ ቡና የተፈላበት ቤት ጐረቤቱን ሳይጠራ አይጠጣም። እርሻው በደቦና በዳዶ ይሠራል፤ ሐዘኑ በዕድር ይሸፈናል፤ የነጋዴው ትርፍ ገንዘብም በዕቁብ ይዞራል።

ይህ ማሰሪያ ግን በራሱ የማይበጠስ ሆኖ የተፈጠረ አይደለም። በየካቲት 2003 ዓ.ም. በዚሁ በአሰንዳቦ የተጀመረ የሃይማኖት ግጭት ወደ አካባቢው ተስፋፍቶ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ቤታቸውን ጥለው ሸሽተዋል። ለብዙ ዘመን በአንድ ገበያ የተገበያዩ ሰዎች በጥቂት ቀን ውስጥ እርስ በርስ መፈራራታቸው ሊረሳ የማይገባው ነገር ነው።

ነጋዴው ይህን ጉዳይ የባለ ሥልጣንና የሃይማኖት አባቶች ሥራ ብቻ አድርጎ ቢመለከተው ይሳሳታል። የዱቤ ደብተር ማለት የእምነት መዝገብ ነው። ክርስቲያኑ ባለ ሱቅ ለሙስሊሙ ገበሬ፣ ሙስሊሙም ባለ ሱቅ ለክርስቲያኑ ሠራተኛ እስከ ቡናው ወራት ድረስ ጨውና ሳሙና የሚሰጠው ያለ ዳኛና ያለ ዋስ፣ ነገ በዚያው መንደር እንደሚያገኘው በማመን ነው። አንድ ሰው በሽሽት ከመንደሩ ሲወጣ ደብተሩ ውስጥ ያለው ስሙ የማይሰበሰብ ዕዳ ይሆናል፤ የተሰደደውም ባለ ሱቅ ቢሆን፣ ደንበኛው በክረምት የሚበደርበት ቤት ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ የጐረቤትን ሰላም መጠበቅ፣ ወሬ ሲናፈስ አጣርቶ መናገር፣ በሰርግና በሐዘን መገኘት የነጋዴው የሥራ ድርሻ ነው እንጂ የትርፍ ጊዜ በጎ አድራጎት አይደለም።

ለሚሰፍር ነጋዴ

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ሲጠቃለል፣ በጅማ አገር ቤቱን ወይም ሱቁን ለመትከል የሚያስብ ሰው አስቀድሞ አራት ነገር መጠየቅ ይገባዋል። የሚሰፍርበት መንደር ቡና ብቻ ነው ወይስ እህልም አለው? ከዋናው መንገድ እስከ መንደሩ ያለው ጥርጊያ በክረምት ካሚዮን ያስገባል? ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት ምን ያህል ይርቃል? በመጨረሻም በዚያ መንደር ያለው ነጋዴና ገበሬ ካለፈው ዓመት የዱቤ ዕዳ ምን ያህሉን ተከፋፍለዋል? የመጨረሻው ጥያቄ የመንደሩን ሀብት ብቻ ሳይሆን ሰላሙንና ታማኝነቱንም አብሮ ይነግራል።

ላኪውም ሆነ አስመጪው ከአዲስ አበባ ሆኖ ይህን አገር ሲያስብ በዓይኑ የሚመጣበት በጆንያ የተደረደረ ቡና ነው። ነገር ግን ያንን ቡና የለቀመው ሰው የበላው በቆሎ በአሰንዳቦ ሜዳ የበቀለ ሊሆን ይችላል፤ በክረምቱ የተጠቀመበትም ጨው ከአንድ ትንሽ ሱቅ በዱቤ የተወሰደ ነው። ዱቤው ሲቆም ገበሬው እሸቱን ሳይቀላ ቆርጦ በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል፤ እሸቱ ሳይቀላ ሲቆረጥም የላኪው ደረጃ ይወድቃል። እንግዲህ በመንገድ ዳር ያለችው የአሰንዳቦ ሱቅ ከምድብ በላይ የሆነው የወጪ ቡና ዋስ ናት ማለት ነው።

በቡናው ወራት አሰንዳቦን አቋርጦ የሚያልፍ የጭነት መኪና ብዙ ጊዜ አይቆምም፤ ጉዞው ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ነው። የሚቆም ነጋዴ ግን ከመንገዱ ዳር ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ ቡና ቢጠጣ፣ ባለ ሱቁንም ደብተሩ እንዴት እንደ ከረመ ቢጠይቀው፣ ስለ አገሩ ከገበያ ዋጋ ዝርዝር የማያገኘውን ይሰማል።